አንድ ባልዲ

ውድ ታዲዎስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር አይደለም። የማላምንበትን ቃል እንደማልጽፍ ታውቃለህ። ከእህታችን ለቅሶ ሰው እያየ ከድንኳን ያስወጣሁህም ውድ ስለሆንክ ነው። ባዕድ ብትሆን ኖሮ ንፍሮህን ቆርጥመህ እስክትሄድ ዝም እልህ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቅህ አልጻፍኩም። ጀማነሽ እንዴት እንደሞተች የሰማኸው ግማሹን ነው። ሙሉውን ከእኔ ስማ።

የምትሠራበት የዩኒፎርም መስፊያ ቤት ከካዛንቺስ ከተነሣ በኋላ ሥራ አልነበራትም። አንድ ቀን መጥታ «ጋሼ፣ ቤቴ ሆኜ ምን ልሥራ?» አለችኝ።

«እጅሽ የሚያውቀውን።»

«እጄ የሚያውቀው መርፌ ነው። መርፌ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል፤ የኔ አልቋል።»

«ቆሎ ቁዪ።»

«ለማን? ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ሄዷል። ለግሬደሩ ሹፌር ልሽጥ?»

ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ያንተን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ስምህ የለበትም፣ ያለው ማስታወቂያ የምትጽፍለት ማሠልጠኛ ስም ነው። እሷ ግን «ይሄ የታዲዎስ አፍ ነው» አለች ደስ ብሏት። እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«እህቴ፣ እስከ መቼ የሰው ደጅ ትጠኛለሽ? ሱቅ አያስፈልግሽም። ማሽን አያስፈልግሽም። በረኪናውንም የሽንት ቤት ማጽጃውንም ከቤትሽ ሳትወጪ ታመርቻለሽ። አንድ ባልዲ አለሽ? እንግዲያው ፋብሪካ አለሽ።»

ለሁሉም «እህቴ» ትላለህ። ካነበቡት ውስጥ አንዷ እውነተኛዋ ነበረች።

እንደ ታፔላ ጸሐፊ ልንገርህ፣ በደንብ የተጻፈ ነው። ከኡራኤል እስከ ስታዲየም የሱቅ ታፔላ ስጽፍ ኖሬ እንዲህ አጭር ሆኖ ሰው የሚይዝ ቃል አልወጣኝም። ግን ያንን ዳቦ ቤት ታስታውሳለህ? ባለቤቱ «ሁልጊዜ ትኩስ ዳቦ» ብለህ ጻፍ አለኝ። የትናንቱን እየቀላቀለ እንደሚሸጥ ስለማውቅ «ዳቦ ቤት» ብዬ ጽፌ ከመሰላሉ ወረድኩ። ሲሰድበኝ መሰላሉን ይዘህ ቆመህ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ «ጋሼ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት» አልከኝ። አዎ፣ አንዲት ቃል ነበረች።

እኔ በረኪና አላውቅም። ቤቷን ግን አውቃለሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፤ መስኮቱም የሚከፈተው በጎረቤቷ በአዚዛ ደጅ ላይ ነው። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው ሥራውን ከመምረጡ በፊት መስኮቱን ይይ። ይህን ያልኳት ሠልጥና ሥራውን ከጀመረች በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ሄጄ ዓይኔ ሲያለቅስ ነው።

«ይሸታል፤ መስኮቱን ክፈቺ።»

«የሚሸትህ እርጅናህ ነው።»

«ክፈቺ አልኩሽ።»

ከፈተችው፤ ግን ቅር አላት። «እነአዚዛ ጾም ላይ ናቸው ጋሼ። አፋቸው ደርቆ ውለው ይሄን ሽታ ልልክባቸው?»

እኔ እንደወጣሁ መልሳ ዘጋችው። ረመዳንን በሙሉ መስኮቷን ዘግታ ነው የሠራችው። አዚዛ ደግሞ ለማፍጠሪያ የምትሠራው ሾርባ ሥጋ ስለነበረበት፣ ጀማነሽ የሁዳዴ ጾመኛ ናትና ሽታው እንዳይገባባት ዘጋች ብላ አሰበች። ተከባብረው ዝም ተባባሉ።

አደጋው የደረሰባት ቀን ጠዋት የሽንት ቤት ማጽጃውን ሠርታ ወደ ጠርሙሶቹ ገለበጠች። ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ባልዲውን አላጠበችውም። አዚዛ «ሌላ ባልዲ ላውስሽ?» ብትላት «ወንድሜ አንድ ይበቃል ብሏል» አለቻት። ምናልባት ሥልጠናው ላይ ሌላ ነገር ነግረዋት ይሆናል። ያመነችው ግን አንተን ነው። በዚያው ባልዲ በረኪናውን ጨመረችበት። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው። አዚዛ ሳሏን ሰምታ በሩን ብታንኳኳ መልስ አጣች። ባሏ ኑሪ መቀርቀሪያውን ገንጥሎ ገብቶ ተሸክሟት ወጣ። ሐኪም ቤት ደርሳለች፤ ሳንባዋ ግን አልተመለሰም።

ቀብረናት ስንመለስ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጥክ። ጎንበስ ብለህ «አሠልጣኙ ሁለት ባልዲ ነበር ያለው ጋሼ፣ ለየብቻ» አልከኝ። «አንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሲባል ይከብዳል፤ ሰው አይቶ ያልፈዋል።»

«ተነሣ» አልኩህ። ተነሣህ።

አዚዛ እስከ በር ተከትላህ ነበር። ተመልሳ «ጋሽ ኃይሌ፣ ሐዘንተኛ ከለቅሶ ይባረራል እንዴ? መስኮቱን የዘጋችው ለእኔ ብላ አይደል? እንግዲያው እኔንም ያስወጡኝ» አለችኝ።

«አንቺ አላወቅሽም። እሱ ያውቅ ነበር» አልኳት። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሣም ብዬ ነበር። ትናንት ግን የአዚዛ ልጅ ሰብሪና ስልኳን ይዛ መጣች። «አባባ፣ ይሄ ነገር ያዋጣል? ልመዝገብ እንዴ?» አለችኝ። ያው ያንተ ጽሑፍ ነው። ጀማነሽን የገደላት ይህ መሆኑን ልጅቷ አታውቅም፤ እናቷ ማንበብ አትችልም። ከሥሩ ሴቶች «አድራሻ የት ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ድንኳን ውስጥ ያፈሰስከው እንባ እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም። ጽሑፉን ግን አላነሣኸውም።

አንሣው። አንሥተህም ዝም አትበል፤ እዚያው ቦታ ላይ ይህን ጻፍ፦

«በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ በአንድ ባልዲ አይሠራም። መስኮት ተዘግቶም አይሠራም። አንድ ባልዲ ይበቃል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህቴ ጀማነሽ አምናኝ ሞተች።»

ቀጣሪዎችህ እንደሚያባርሩህ አውቃለሁ። ያባርሩህ።

ይህንኑ ዛሬ በጀማነሽ ቤት በር ላይ በጥቁር ቀለም ጽፌዋለሁ። ፊደሉ ቀጥ ብሏል። ቤቱ እንዲፈርስ ምልክት ተደርጎበታል፤ በሩም አብሮት ይሄዳል። ያንተን ጽሑፍ የሚያፈርስ ግሬደር የለም፤ ካንተ በቀር።

አርባዋ ኡራኤል ነው። ጽፈህ ከሆነ ና፤ አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ማንም ምንም አይልህም። ካልጻፍክ አትምጣ። አዚዛ ትለምንልሃለች፤ እኔ ግን አልሰማትም።

በሩ ላይ ከጽሑፉ ሥር ስም የለም። ስምህን እኔ ብጽፈው ውሸት ይሆናል። ቦታውን ትቼልሃለሁ። ብሩሹንም እንዳይደርቅ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሬዋለሁ።

ወንድምህ ኃይለገብርኤል
ካዛንቺስ