ቅሬ ያለበት ቤት

ላስ ቬጋስ፣ ሎን ማውንቴን
ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁማና፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላህ፣ የኔ እናት። አንቺም ቤቱም፣ በዚያ እርጥብ አገር ያሉት ላሞችም ሳይቀሩ፣ የአላህ ሰላም አይለያችሁ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስኳሬ ደህና ነው፣ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፣ ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ሰው ሊጨርስ ነው። ባለፈው ዳውንታውን ጥላ የሌለበት ቦታ ፓርክ አድርጌ ከሺፍት ስወጣ፣ መሪውን በፎጣ ይዤ ነው እስከ ቤት የነዳሁት።

እሁድ ስትደውዪ «መስመሩ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር፤ አንቺም ይህን ሳታውቂ አትቀሪም። «አባ፣ አዎ ወይም አይ በለኝ» ስትዪ ነው የዘጋሁት። በስልክ ከሆነ ወይ እቆጣለሁ ወይ አለቅሳለሁ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ጽሑፌ አልነበብ ካለሽ አጉልተሽ እዪው።

ቤቱን ለመግዛት ፈርመሻል። በሆላንድ ሕግ የፈረመ ሰው ሐሳቡን ለውጦ ልተወው ቢል እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ድረስ ለምን የሚለው የለም፤ ከዚያ ወዲያ ግን መመለሻ የለውም አልሽኝ። አንቺን ያስጨነቀሽ ደግሞ የቤቱ ነገር ሳይሆን የጎረቤቱ የሄንድሪክ ጥያቄ ነው። እኔ አዎ ካልኩሽ ትገዢዋለሽ፣ አይ ካልኩሽ ትተዪዋለሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ምክሬን ሰምተሽ የማታውቂ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?

እስቲ ነገሩን እንደገባኝ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ። በዚያ በናንተ አካባቢ፣ በትንንሾቹ መንደሮች፣ ቤት የገዛ ሰው ቤቱን ብቻ አይደለም የሚገዛው። እያንዳንዱ ቤት «የመጀመሪያ ጎረቤት» የሚባል አለው። ከዚያ ቤት ሰው ሲሞት እሱ ነው ቀድሞ የሚደርሰው፤ በየበሩ ዞሮ የሚያረዳው፣ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ሬሳውን የሚሸከመው። ሟቹን ወደደውም ጠላውም ግዴታው ነው። አንቺ በምትገዢው ቤት ትኖር የነበረችውን አሮጊት የተሸከማት ሄንድሪክ ነው። አሁን ደግሞ እሱና ሚስቱ ሪት ሰማንያን አልፈዋል፣ ልጅ የላቸውም፤ የነሱ የመጀመሪያ ጎረቤት የሚሆነው ቤቱን የገዛ ሰው ነው። ታዲያ ሰውየው ኬክ ይዞ መጥቶ፣ ምንም ሳያፍር፣ «እኛ ሳንቀድምሽ አንቀርም፤ ትሸከሚናለሽ ወይስ ሌላ ሰው እንፈልግ?» አለሽ። እኛ ብንሆን ይህን ለመጠየቅ አሥር ዓመት ዙሪያውን እንዞር ነበር።

በሚያዝያ መጥቼ ቤቱን ያሳየሽኝ ጊዜ ይህን ወግ ስሰማ «ይሄማ ቅሬ ነው!» ብዬ መጮሄ ትዝ ይልሻል? አዲስ አበቤዎቹ እድር የሚሉትን፣ እኛ ወሎዬዎቹ ቅሬ የምንለውን፣ ፈረንጅ አገር ላም መሃል አገኘሁት። አያትሽ እኮ የቅሬ ጠሪ ነበሩ። ሰው ሲሞት ከፍ ካለ ቦታ ቆመው «እገሌ አርፏልና ውጡ!» ሲሉ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሁሉም አካፋውን ይዞ ይወጣ ነበር። ይህን ለሄንድሪክ ስትተረጉሚለት እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ። የሰውየው እጅ ደግሞ እንዴት ያለ ሻካራ ነው!

ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን ሆኜ ነው የተኮሳተርኩት? ኤርፖርት እስክታደርሺኝ ድረስ ለቤቱ ያላወጣሁለት ስም የለም። ጣሪያው ዝቅ ብሏል፣ መሬቱ ይረጥባል፣ በረቱና መኝታ ቤቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፣ መስኮቱ መጋረጃ የለው መንገደኛው ሁሉ ጉርሻሽን ይቆጥራል፣ መስጊዱ ሩቅ ነው፣ ባል ከየት ይመጣልሻል፣ ላሞቹ ይሸታሉ። የላም ሽታ፣ ለወሎ ልጅ!

ያኮሳተረኝ ሌላ ነው። እነሄንድሪክ ቤት ሻይ ስንጠጣ ሪት ስለ እናትሽ ጠየቀችኝ። መቼ እንደሞተች ነገርሽልኝ፣ አዝና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቀጥላ «ማን ተሸከማት?» አለች። አንቺው ነሽ የተረጎምሽልኝ። እኔ ላሞቹን ልይ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ሴትዮዋ የደፈረችኝ መስሎሽ ተከትለሽኝ መጥተሽ ይቅርታ ጠየቅሽኝ። አልደፈረችኝም ልጄ። እናትሽ ቀመሪያ ከሞተች ጀምሮ ይህን ነገር የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አንቺም አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልነገርኩሽም። ዛሬ ልንገርሽ።

እናትሽ ያረፈችው የፈረንጆች ዓመት መለወጫ ዋዜማ ጎህ ሲቀድ ነው። ይህ ከተማ በዚያ ቀን ምን እንደሚሆን እዚሁ ላደግሽው ለአንቺ አይነገርም። ኦፍ ብሎ ነገር የለም። ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል፣ የካዚኖዎቹ ዋና መንገድ ስትሪፑ ለመኪና ይዘጋል፣ ታክሲ ነጂውም ክፍል አጽጂውም ካዚኖ የሚሠራውም ሁሉም ኦቨርታይም ነው። የቀረ ሰው ሥራውን ያጣል። እኛ ደግሞ ጀናዛ አናሳድርም፤ በዕለቱ ነው የምንቀብረው። ስደውል ስደውል አረፈድኩ። «ኢናሊላሂ፣ ሰላሀዲን፣ ሺፍት ላይ ነኝ፣ ነገ እመጣለሁ» ይሉኛል። እያለቀሱ ነው የሚሉኝ፤ አልፈርድባቸውም። በማግስቱ ቤቱ ሞልቶ ሳሎን መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። አንቺ ደርሰሽ ያየሽው ያንን ነው።

የጓደኛዬ የአድናን ሚስት፣ ሳሊሐ፣ ከሥራዋ አምልጣ መጥታ ከመስጊዱ ሴቶች ጋር አጠበቻት። አላህ ይስጣት። ከሰገድንባት በኋላ ሊሸከም የቆመው ሰው አድናን፣ ኢማሙ፣ እኔና ጋሽ ዘውዴ ነን። ጋሽ ዘውዴን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ሱቅ የነበራቸው፣ ድሮ በሱዳን በኩል የመጡት። ጡረታ ስለወጡ ሺፍት የላቸውም። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መሸከም ይፈቀድልኛል ወይ?» አሉኝ። ምን ብዬ እምቢ እላቸዋለሁ? አራት ሰው ሆነን አነሳናት።

ከመኪናው እስከ መቃብሩ ድረስ ሸክሙን የሚቀበለን አልነበረም። መሃል መንገድ ላይ ጋሽ ዘውዴ ደከማቸው፣ ትንፋሽ አጠራቸው። አወረድናት። እናትሽን ጠጠር ላይ አወረድናት፣ ጁማና። አያትሽ ጠርተው ሕዝቡ ሲወጣ ሰው ትከሻውን ለማስገባት ይጋፋ ነበር። የኔ ቀመሪያ ግን ተቀባይ አጥታ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ እስክናርፍ ጠበቀችን። በሕይወቷም እንዲሁ ስትጠብቀኝ ነው የኖረችው።

ቀብረናት ቤት ስመለስ፣ ማዶ ያለው ጎረቤታችን፣ ያ ቀይ ፒካፕ ያለው ሰውዬ፣ ከጋራዡ ርችት እያወጣ ነበር። እጁን አውለብልቦ «ሃፒ ኒው ይር!» አለኝ። ሱሪዬ ላይ የመቃብሩ አፈር አለ። «ሃፒ ኒው ይር» ብዬው ገባሁ። ሌላ ምን ልበለው? ይህን ቤት ስንገዛ እናትሽ በጣም የወደደችው አጥሩን ነበር፤ ማንም አያየንም ብላ። እውነትም ማንም አላየንም። ሃያ ዓመት ያህል ፊት ለፊት ስንኖር የሰውየውን ስም አላውቅም ነበር። የውሻውን አውቃለሁ፣ «ቻርሊ» እያለ ሲጠራው ስለምሰማ።

ሪት ስትጠይቀኝ ይህ ሁሉ መጣብኝ። ከዚያ ደግሞ የባሰ ነገር መጣብኝ። ሄንድሪክ አንድ ቀን ቢሞት አንቺ በነጠላ ጫማ መንገዱን ተሻግረሽ ትደርሻለሽ። እኔ ብሞት ትኬት ትፈልጊያለሽ፣ አምስተርዳም ትሄጃለሽ፣ አውሮፕላን ትቀይሪያለሽ፣ ስትደርሺ ተቀብሬያለሁ፤ እንደ እናትሽ። የኔ ልጅ ለባዕድ ሽማግሌ ቀድማ፣ ለአባቷ ትዘገይ! ቀናሁ። ወላሂ በዚያ ሰውዬ ቀናሁ። ቤቱ ምንም ነውር የለበትም። ቀይ ሸክላው ያምራል፣ ዛፎቹ ያምራሉ፣ መሬቱም አይረጥብም፤ ተንበርክኬ በእጄ ነክቼዋለሁ።

እሁድ ስዘጋብሽ «አይ» ልልሽ ቆርጬ ነበር። ሃይማኖቱን ሰበብ ላደርግ። ትናንት የሆነውን ስሚ።

ከሥራ ስመለስ ማዶ በሩ ተከፍቶ አንዲት ሴት ካርቶን እያወጣች ቫን ላይ ትጭናለች። ሰውየው ሊለቅ ነው መሰለኝ፣ እስቲ ስሙን እንኳ ጠይቄ ልሰናበተው ብዬ ተሻገርኩ። እህቱ ናት። «ወንድሜ እኮ ሜይ ላይ ሞተ» አለችኝ። ሱብሃነላህ! ሜይ ላይ እኔ ከአንቺ ዘንድ ተመልሼ እዚሁ ነበርኩ። በየቀኑ ጋራዤን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ፒካፑ ካለበት አልተነቃነቀም፣ የቻርሊ ድምፅ ጠፍቷል፤ ልብ አላልኩትም። ብቻውን ወድቆ ያገኘው ፖስታ አዳዩ ነው አሉ።

ስሙ ግሌን ነበር። «ጓደኛው ነህ?» አለችኝ። «ጎረቤቱ ነኝ» አልኳት። ቀና ብላ ቤቴን አየች፣ የሱን በር አየች። እሱን ስላልተሸከምኩት ካርቶኖቹን ተሸከምኩላት። ጉልበቴ እያመመኝ ከባድ ከባዱን እየመረጥኩ ጫንኩላት። ስትሄድ ደጋግማ አመሰገነችኝ፤ እሱ ምስጋና ነው እስካሁን አልወርድ ያለኝ። እነሄንድሪክ አገር ቢሆን የግሌን የመጀመሪያ ጎረቤት እኔ ነበርኩ። እሱም የኔ።

ስለዚህ ልጄ፣ ቤቱን አትተዪው። ሐሙስን ዝም ብለሽ አሳልፊው። ለሄንድሪክም አዎ በዪው። ክርስቲያኑ ጋሽ ዘውዴ እናትሽን ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ተሸክመዋል፤ አንቺም ለነሄንድሪክ ትከሻሽን አትሰስቺ። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የማይሆንልሽ ነገር ካለ ደጅ ቁሚ። አያትሽም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት፤ የተቀየማቸው ሰው አላየሁም።

ከበረቱ ጎን ያለውን፣ ደረጃ የሌለውን ክፍል ለኔ እንዳሰብሽው አውቃለሁ። ለሶላት ወደ ቂብላ በየት በኩል እንደሚዞር በስልክሽ ስትለኪ አይቼሻለሁ፤ ያላየሁ መስዬ ነው። አልመጣም፣ ጁማና። አትቆጪኝ። ሐሙስ ኦፌ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ እናትሽ ጋ ነኝ። ከኔ ሌላ የሚዘይራት የለም። ጠጠር ላይ ያወረድኳትን ሴት ዳግመኛ ጥያት ወዴት እሄዳለሁ? የፊታችን ሐሙስም እዚያው ነኝ፤ ልጅሽ ቤት ገዛች ብዬ እነግራታለሁ።

አንድ አደራ ግን አለኝ። የኔም ቀን ይደርሳል። መቼ እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ምናልባት እንደገና ሁሉም ሺፍት ላይ ይሆናል። አድናን ሲደውልልሽ አውሮፕላን ፍለጋ አትሩጪ፣ አትደርሺም። መንገዱን ተሻግረሽ ሄንድሪክ ጋ ሂጂ። እሱ ቀድሞኝ ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ ወዳለው ቤት። ብስክሌቱን አውጥቶ በየበሩ እየቆመ «የጁማና አባት ሰላሀዲን ሞተ» ይበል። በነሱ ቋንቋ ይበለው፣ እኔ ባይገባኝም ግድ የለም። እንደማይሸከሙኝ፣ እንደማይቀብሩኝ አውቃለሁ። ግን ያንን የሰማ ሰው በሩን ዘግቶ አይቀመጥም፤ አንቺ ቤት ይመጣል። ኬክም ይዘው ይምጡ፣ ዝምም ይበሉ፣ ብቻ ይምጡ። እኔ በዚያች ቀን ሳሎኔ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ውጭ ርችት ሲተኮስ ሰምቻለሁ። አንቺ ብቻሽን ተቀምጠሽ እንድትሰሚ አልፈልግም። ቤቱን ግዢ የምልሽ ለዚህ ነው።

አብሽሪ። አላህ የገባሽበትን ቤት የሰላም ያድርግልሽ። ደጅሽን የሚያንኳኳ አያሳጣሽ። የሚሸከም ትከሻ፣ የሚጠራ ድምፅ፣ ስምሽን የሚያውቅ ጎረቤት ይስጥሽ። ሄንድሪክንና ሪትን ያቆይልሽ፤ ከኔ በላይ አያቆያቸው ብዬ ነበር፣ አስተግፊሩላህ፣ ይቆዩ። መጋረጃ ግን ስቀዪ።

አባትሽ ሰላሀዲን፣
የግሌን ጎረቤት