ለኦንላይን ሥልጠና አዳራሽ ለተከራዩልን ለአቶ ኪዳነ ወልድ

ይድረስ ለክቡር አቶ ኪዳነ ወልድ፤ ስሙን ለክብርዎ ስል የማልጠራው ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ እንዲሁም የአልትራሳውንድ ኦንላይን ሥልጠና አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ

እንደምን ሰነበቱልኝ? ቤተሰብዎስ፣ ጉልበትዎስ፣ ያ የወገብ ሕመምዎስ? ስለ ጤናዎ አጥብቄ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ድንገት ቢያምዎ ጤና ጣቢያዎ ውስጥ የሚያይዎት ሰው እንደሌለ በዓይኔ ስላየሁ፣ ፈጣሪ እስከ ሥልጠናው ማብቂያ ድረስ በደህና ያቆይልን እያልሁ እየጸለይሁልዎ ነው።

ዜማ እባላለሁ፤ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ የምኖር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ በአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ «አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ እንጂ! ትልቅ ሰው ሲናገር ተገትሮ ይታያል?» ያሉኝ ልጅ ነኝ። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት እንዳልተሰጠኝ እናቴም መምህሮቼም ይመሰክራሉ። ይህን ደብዳቤም የምጽፈው እየተነሣሁ፣ በመስኮት እያየሁ፣ ተመልሼ እየተቀመጥሁ ስለሆነ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ቢቅበጠበጥብዎ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ጉዳዩ የእኅቴ የሔራን ነው። ሔራን መሸንቲ አካባቢ ያገባች ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። በአምስተኛው ወር ከተማ በአልትራሳውንድ ስትታይ፣ እንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማኅፀኗን በር እንደሸፈነ ነገሯት። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከፍ እንደሚል፣ ካላለ ግን ምጥ ሳይጀምራት በቀዶ ጥገና መውለድ እንዳለባት፣ አለዚያ ደም ሊፈስሳትና እሷም ልጁም ሊያመልጡን እንደሚችሉ አስረድተው፣ በስምንተኛው ወር የግድ ተመልሳ ትታይ አሉ። ያ ወር ገብቶ እየተገባደደ ነው። ለማወቅ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፍ ብሏል ወይስ አላለም? ማሽኑ ያለው በእርስዎ ጤና ጣቢያ ነው፤ በማሽኑ ማየት የሚችሉት አዋላጅ ሲስተር እናትዓለምም የእርስዎ ባልደረባ ናቸው። ከዚህ በላይ ምን መታደል አለ? ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አዳራሹ አመሰግናለሁ። ይህ ሥልጠና የተዘጋጀው አዋላጁም ሐኪሙም ከሥራ ገበታው ሳይለይ፣ እናቶችን አይቶ ሲጨርስ በስልኩ እንዲማርና በገዛ ማሽኑ እንዲለማመድ ነበር አሉ። እርስዎ ግን «አዳራሽ የሌለው ሥልጠና ምኑን ሥልጠና ሆነ?» ብለው፣ ከመራዊም ከመሸንቲም ያለውን ባለሙያ ሁሉ ጠራርገው ከተማ ውስጥ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል አስገቡት፤ ከመድረኩ ጀርባም «የኦንላይን ሥልጠና» የሚል የበር ስፋት ያለው ባነር አሰቀሉ። ሔራንን ይዤ ጤና ጣቢያው ስደርስ የጥበቃው ጋሽ ፍሬ ስብሐት በሩን ገርበብ አድርገው፣ «አዋላጇን ነው? ኦንላይን ሄደዋል፤ በሁለት ሳምንት ይመለሳሉ» አሉን። እኔ እስከዚያ ቀን ኦንላይን በሚኒባስ የሚኬድበት አገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ማሽኑን በእንክብካቤ ስለመያዝዎ። በመስኮት አጮልቄ አይቼዋለሁ፤ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ጋሽ ፍሬ ስብሐት እንዳስረዱኝ ከሆነ እንግዶች መጥተው ሳይመርቁት አይነካም፣ ቁልፉም ከኪስዎ አይወጣም። እንግዶቹ ከፋሲካ በፊት ይመጣሉ ተባለ፤ ቀጥሎ ከፋሲካ በኋላ ተባለ፤ አሁን ደግሞ ከክረምቱ በኋላ ነው ይባላል። ሔራን አጠገቤ ቆማ ሆዷን ይዛ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ሦስተኛ፣ ስለ መክፈቻ ንግግርዎ። እኅቴን ቤቷ አድርሼ ሲስተር እናትዓለምን ፍለጋ አዳራሹ ስመጣ እርስዎ ንግግር ላይ ነበሩ። አስተማሪዎቹ በስክሪኑ ላይ ሆነው ጆሯቸውን እየጠቆሙ፣ እጃቸውን እያውለበለቡ፣ «ድምፅዎ አልተከፈተም» እያሉ ቢጽፉም፣ በዚያ ሁሉ ሐኪምና አዋላጅ መካከል የትልቅ ሰው ንግግር ለማቋረጥ የደፈረ አልተገኘም። ስለዚህ ስለ እናቶች ሞት መቀነስ የተናገሩት ያ ሁሉ ቁም ነገር ከአዳራሹ ውጭ ማንም ሳይሰማው አለፈ። ሲጨርሱ ጭብጨባው ደማቅ ነበር፤ አስተማሪዎቹም ምኑን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

አራተኛ፣ በር ላይ «ሳትፈርሚ አይገባም» ስለተባልሁ ፈረምሁ። በዚህም የሥልጠናው ተሳታፊ ሆኜ ተቆጥሬያለሁ፤ ቦርሳም ተሰጥቶኛል፤ ሻይም ጠጥቻለሁ። የምስክር ወረቀቱ ሲደርስ ሔራንን እኔው እንዳያት ፈቃድዎ ከሆነ ያሳውቁኝ፤ ባዮሎጂ ላይ ደህና ነኝ።

አምስተኛው ቀልድ የለበትም። በሻይ ሰዓት ሲስተር እናትዓለምን አገኘኋቸው። የሔራንን ነገር ስነግራቸው ስኒውን አስቀመጡት። «እኔማ አሁኑኑ በባጃጅ ሄጄ ባየኋት፤ ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው እንጂ» አሉኝና ወደ እርስዎ ይዘውኝ መጡ። እርስዎም እጅግ በጨዋነት፣ «ሥልጠና አቋርጦ መሄድ ደንብ አይደለም፤ ደግሞ ያልተመረቀ ማሽን ነክተን ማን ይጠየቃል? ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት» አሉን። በማግስቱ ወሰድናት። ሆስፒታሉ በበኩሉ፣ «ጤና ጣቢያችሁ ማሽንም ባለሙያም እንዳለው ተጽፎልናል፤ መጀመሪያ እዚያ ታይታ የሪፈር ወረቀት ይዛ ትምጣ» አለን። ሪፈር የሚጽፉት ሲስተር እናትዓለም ናቸው። እሳቸው አዳራሽ ናቸው። አዳራሹ የእርስዎ ነው። እንዲህ ስንዞር እኅቴ ከሚኒባስ ወርዳ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወርዳ ሚኒባስ ስትወጣ ዋለች፤ በየጉድጓዱ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ትይዛለች፣ እኔ ደግሞ ፊቷን እያየሁ ጥፍሬን እበላለሁ። ማታ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ አላት።

ክቡር ሆይ፣ ታላላቆች ሁሌ ለእኛ ለልጆች «ረጋ በሉ፣ ምን ያስቸኩላችኋል?» ይሉናል። ምክራችሁን በአክብሮት እቀበላለሁ። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ የሚያስቸኩለው እኔ ሳልሆን ሕፃኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ስላልተወለደ ትልቅ ሰው ማክበር አልተማረም፤ የእንግዶቹንም ቀጠሮ የነገረው የለም።

ስለዚህ ለሰኞ ጠዋት ሁለት ምርጫ በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ቁልፉን ለሲስተር እናትዓለም ሰጥተው ለግማሽ ቀን ይልቀቋቸው፤ ጨርቁንም ቢሆን እኔ ራሴ አጥቤ፣ ተኩሼ መልሼ አለብሰዋለሁ። ሁለተኛው፣ አስተማሪዎቹ «በእውነተኛ እናት ላይ ተለማመዱ» እያሉ ሲለምኑ ስለሰማሁ፣ እውነተኛዋን እናት እኔ አዳራሹ ድረስ አመጣለሁ፤ ማሽኑን እርስዎ ያምጡ። ለሔራን ከፊት ረድፍ፣ ከእርስዎ አጠገብ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር እንዲያዝላት አደራ እላለሁ።

ለታገሡኝ ትዕግሥት፣ ላስቀመጡኝ መቀመጫና ለጋበዙኝ ሻይ ያለኝ ምስጋና በወረቀት የሚያልቅ ባለመሆኑ፣ የቀረውን ሰኞ በአካል ቀርቤ አደርሳለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ተቀመጪ ሲሏት የተቀመጠችው ታናሽዎ
ዜማ

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአዳራሹ በር
ለሔራን አማት፣ «ድሮ ማን በማሽን ታይቶ ወለደ?» ለሚሉት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ሔራን ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመችም፤ «ምን አሉሽ?» ብቻ ነው ያለችው። እኔም ኔትወርክ እንደተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁባት። የስልክ ቁጥሯን ጋሽ ፍሬ ስብሐት ዘንድ እተውልዎታለሁና እርስዎው ደውለው ይንገሯት። በመጀመሪያው ጥሪ ታነሣለች፤ ሰሞኑን ስልኳን ከእጇ አታወርድም።