ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ውኃ ከሦስት ቀን በኋላ ዛሬ መጣ። በርሜሎቹን ሞላሁ። የጓሮውን ቧንቧ ጎማ ቀየርኩ፤ አሁንም ያንጠባጥባል። ነገ እንደገና እፈታዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሩት መጣች። ሁለት ሻንጣ። ባሏ ፍፁም ለመንገድ ሥራ ጂንካ ስለሆነ እስክትወልድ እኔ ዘንድ ትቆያለች። እናቷ ልብስ ትሰፋበት የነበረውን ክፍል አጽድቼ አልጋ አስገብቼበታለሁ። አየችውና ሻንጣዎቿን አስገባች።

እራት ላይ ነገረችኝ። ሆስፒታል አልወልድም። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ አዋላጆች የከፈቱት አንድ ማዋለጃ ማዕከል አለ፣ እዚያ ነው የምወልደው። ጨው አንሶታል እንደምትል በቀላሉ።

ሾርባዬን ጨረስኩ። ምን ይባላል? ሠላሳ ሰባት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው በልጁ አወላለድ ምን ያገባዋል?

ያገባዋል እንጂ።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ደብተር ከፈትኩ። በግራ ሆስፒታል፣ በቀኝ ማዕከል። በግራ በኩል መጀመሪያ የጻፍኩት “ደም” የሚል ነው። ሩት ስትወለድ እናቷ ብዙ ደም ፈስሷት ነበር። ሦስት ከረጢት ሰጥተው ነው ያተረፏት። ሆስፒታል ባይሆን... ይህን ለሩት ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ዛሬም ነገርኳት።

ሰምታ ስትጨርስ ስለ ጓደኛዋ አወራችኝ። አምና ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሰቻት ሩት ነበረች። በር ላይ ተለያዩ። ጓደኛዋ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻዋን አማጠች፤ ስትጮኽ ተቆጧት። እስከ ዛሬ የምታወራው ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለዚያ ነው አለችኝ።

“አባዬ፣ እማዬ የለችም። እጄን የሚይዘኝ አንድ ሰው እንኳ ይግባልኝ።”

ማዕከሉ አንድ ሰው ያስገባል። በቀኝ በኩል “እጅ የሚይዝ ሰው” ብዬ ጻፍኩ። ከደም ጋር እንዴት ይወዳደራል? በምን መለኪያ?

ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች ወሬውን ሰምተው መጡ። አምስት ወልደዋል፤ ሦስቱን ቤት፣ ሁለቱን ሆስፒታል። የቱ ይሻላል አልኳቸው።

“ጋሽ ሙሉጌታ፣ የሚሻለው ያለቀው ነው።”

ለሠንጠረዥ የሚሆን መልስ አይደለም።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ሩትን አልነገርኳትም። ዘጠኝ ጥያቄ በወረቀት ይዤ ነበር። የወሊድ ክፍሉ በር ላይ ዘበኛው “አባት፣ ወንድ አይገባም” አለኝ። መግባት አልፈለግኩም፣ መጠየቅ ነው የፈለግኩት አልኩት። ለመጠየቅም ወንድ አይገባም።

ሣሩ ላይ ቤተሰቦች ተቀምጠዋል። ፔርሙዝ፣ ጋቢ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ይነሣል። የሌላ ሰው ስም ሲጠራ መልሰው ይቀመጣሉ።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ቆሞ አናገረኝ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ደም አለ፤ አንዳንዴ ያጥራል። ለስድስተኛው ጥያቄዬ፣ ሰው ለምን አታስገቡም ለሚለው፣ በእጁ ወደ ውስጥ አሳየኝ። በአንድ ክፍል ስድስት አልጋ፣ በመካከሉ መጋረጃ የለም። የሌሎቹ ሴቶች ገመናስ አለኝ። ልክ ነው። ይህንንም ጻፍኩ።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ሩት በአምስተኛ ወሯ የተነሣችውን አልትራሳውንድ አሳየችኝ። የመውለጃዋ ቀን ሜይ 16 ይላል፤ በእኛ ግንቦት 8። ከምን ተነሥተው አሰሉት? በመሣሪያ ለክተው ነው አለች። በዚያን ጊዜ የተለካ ከሳምንት በላይ ሊሳሳት እንደሚችል ሐኪሙም ነግሯታል። ታዲያ በግምት ይኬዳል?

ከሰዓት በኋላ መነጽሬ አጠገብ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ነሐሴ 3። ሌላ ነገር አልተጻፈበትም። የወር አበባዋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣበት ቀን ነው። ልጅ ይህን ለአባቷ በአፏ አትናገርም፤ አባትም አይጠይቅም። እናቷ ብትኖር...

ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን። ግንቦት 13። መሣሪያው አምስት ቀን ተሳስቷል።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ከሩት ጋር ወደ ማዕከሉ ሄድን። ከቤት በባጃጅ አሥራ አራት ደቂቃ። ከማዕከሉ ሆስፒታል ደግሞ ሁለት ጊዜ ሄጄ ለካሁ፤ ጠዋት አሥራ ሰባት፣ ከሰዓት ሃያ ሁለት። ባለባጃጁ “አባባ፣ ከማን ጋር ነው የተወዳደርነው?” አለኝ።

ቤቱ የመኖሪያ ግቢ የነበረ ነው። አራት አልጋ። ንጹሕ። አንዲት ሴት ምጥ ይዟት ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ እናቷ ወገቧን እያሸች ትከተላታለች። ሩት እነሱን ስታይ እኔ ሩትን አየኋት።

ኃላፊዋ ሲስተር ሰሚራ ትባላለች። እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ! አላስታወስኳትም፤ እሷ ግን መልሱ ልክ ሆኖ መንገዱን ስላልጻፈች ዜሮ የሰጠኋትን ታስታውሳለች። ለሩት እየሳቀች ነገረቻት። “አባትሽ ምሕረት የላቸውም።”

ዘጠኙንም ጥያቄ ጠየቅኳት። ለሁሉም መልስ አላት። የደም ግፊት ያለባትን፣ መንታ ያረገዘችን፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደችን አይቀበሉም። ቀኗ አንድ ሳምንት ያለፈባትንም አያዋልዱም፣ ሆስፒታል ይልካሉ። ከዚያ በኋላ ለሕፃኑ ያሰጋል፤ ይህ ሕግ ለማንም አይጣስም አለች። ወደድኳት።

ካርዱን ስትሞላ ቀኑን ጠየቀች። ሩት ወደኔ ዞረች። የአልትራሳውንዱን ወረቀት አሳየሁ፣ ልዩነቱን አስረዳሁ፣ ግንቦት 13 አልኩ።

“ቲቸር ካሉማ አለቀ” ብላ ጻፈችው።

ደስ አለኝ። ለዚህ ደብተር አልደብቅም።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ፍፁም ለሦስት ቀን መጥቶ ተመለሰ። እሱን ጠየቅኩት፣ የቱ ይሻላል? “ሩት ያለችው” አለ። ይህም መልስ ሆነና ነው?

ሠንጠረዡ በግራ አሥራ ሁለት፣ በቀኝ ሰባት። ሩት እያየችው “በቀኝ ያሉት የኔ ናቸው፣ በግራ ያሉት ያንተ” አለችኝ። አሰብኩበት። እውነቷን ነው። በግራ ያለው ሁሉ የኔ ፍርሃት ነው። ግን ፍርሃት ስለሆነ ውሸት ይሆናል?

በማዕከሉ እንድትወልድ ተስማማሁ። ሕጉ እንደ ሕጉ ከተጠበቀ። ወይዘሮ ዘነበች አብረዋት ይገባሉ። ሩት ግንባሬን ሳመችኝ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ምንም የለም። ገና አምስት ቀን አለን።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ

ቀኑ ዛሬ ነው። ምንም የለም። ሩት እግሯ አብጧል፤ ቀስ እያለች ትራመዳለች። ሰሚራ አይታት ነበር፤ የልጁ የልብ ምት ጥሩ ነው፣ እስከ 20 እንጠብቃለን ብላለች። ቧንቧውን ለአራተኛ ጊዜ ፈታሁት። እጄ ሥራ ይፈልጋል።

ግንቦት 16፣ እሑድ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብቅ አሉ። ሩት ተኝታለች። “ይቺ ልጅ ቆየች እኮ” አሉኝ። ሦስት ቀን ብቻ ነው አልኳቸው። እንጃ አሉ። ጳጉሜ ላይ፣ ለሩፋኤል የሰፈሩ ልጆች በዝናቡ ሲጠመቁ፣ ሩት ለበዓሉ እዚህ መጥታ ነበር። ያኔ የሽንኩርት ሽታ አስጠልቷት ከወጥ ቤት እየሮጠች እንደወጣች አስታወሱኝ።

ሄዱ። ጳጉሜ የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ጳጉሜ።

ደብተሩን አወጣሁ። ዘጠኝ ወር በሠላሳ ሲባዛ ሁለት መቶ ሰባ። አሥር ሲጨመር ሁለት መቶ ሰማንያ። ከነሐሴ ተነሥቶ ግንቦት የሚደርስ ሰው ግን ጳጉሜን ይሻገራል። አምስት ቀን። እኔ ከነሐሴ ወደ መስከረም ዘለልኩ። አሥሩ አምስት መሆን ነበረበት። ቀኗ ግንቦት 8 ነው። መሣሪያው አልተሳሳተም። ልዩነቱ አምስት ቀን መሆኑን በገዛ እጄ ጽፌያለሁ፤ ልክ አምስት፤ አምስትን እያየሁ ጳጉሜን አላሰብኩም! አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቢያደርግ...

ስለዚህ ሳምንቱ ትናንት አልቋል።

ሦስት ሰዓት ላይ አወቅኩ። ለሩት የነገርኳት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ምን ስሠራ ነበር? ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁ። ግቢ ጠረግኩ። ዛሬ ምጥ ቢመጣ ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ አሰብኩ። ሰሚራ ፊት መቆም አሳፈረኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሩት ምን ትላለች?

የፈራሁት አልቀረም። ነገርኳት።

“አባዬ፣ ይሄ አዲስ ዘዴ ነው?”

አልተቆጣሁም። ለሁለት ወር ስለ ሆስፒታል ስነዘንዛት የከረምኩ ሰው ዛሬ ተነሥቼ ሆስፒታል ነው የሚያስፈልግሽ ስላት ምን ትበል? እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም።

“እኔን ማመን የለብሽም። ራስሽ ቁጠሪ” አልኳት። ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትወጣ ስልኳ በእጇ ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት አለች። ፊቷ ነጥቷል። ለሰሚራ የደወለችው እሷ ናት፤ እኔ አልደወልኩም። ሰሚራ ቁጥሩን አስደገመቻት። ከዚያ “ቲቸርን ስጪኝ” አለቻት።

“ቲቸር፣ እኔም አልቆጠርኩም” አለችኝ። “ሥራዬ ነበር።”

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሩት ሻንጣውን ራሷ ዘጋችው። ባጃጅ ውስጥ አላናገረችኝም። ዘበኛው ያው ሰው ነበር።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ሣሩ ላይ ነኝ። እዚህ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ትናንት ማታ አልጋ አልነበረም። ጠዋት ምጥ የሚያስጀምር መድኃኒት በጉሉኮስ ጀመሩላት። ወይዘሮ ዘነበችን በር ላይ መለሷቸው። ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ በሁለተኛው ተቆጡ፣ ዘበኛውንም ረገሙት። እሱ ለምዶታል መሰለኝ፣ “እሺ እናቴ” ይላቸዋል።

ሩት ብቻዋን ናት። የፈራችው ይህን ነው። ትክክለኛውን ቀን ብናውቅ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ምጡ እንደሆን ያው አይመጣም ነበር። ግን ተዘጋጅታ ትመጣ ነበር። ከእኔ ጋር እየተነጋገረች ትመጣ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰሚራ መጣች። ነጭ ጋውኗን ለብሳለች። ተረኛዋ አዋላጅ አብራት የተማረች ናት። በር ላይ ቆመው አወሩ፤ ረጅም አወሩ። ተረኛዋ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገና ነቀነቀች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ አየች።

ሰሚራ ገባች። ወደ እኔ አልዞረችም።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሴት። ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

የእንሽርት ውኃው አረንጓዴ ነበር። ሕፃኗ ወዲያው አላለቀሰችም፤ ሠርተውባት ነው። ሐኪሙ ወጥቶ “ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ...” አለኝና አልጨረሰውም። እንዲጨርሰው አልጠየቅኩም።

ሰሚራ ስትወጣ ግራ እጇ ላይ የጥፍር ምልክት አየሁ። አራት ቦታ። የሩት ነው። ሙሉውን ሌሊት አልለቀቀቻትም።

ግንቦት 27፣ ሐሙስ

ፍፁም እዚህ ነው። ቧንቧውን በአንድ ጊዜ ሠራው።

ሩት ስለ ሆስፒታሉ በቁርጥራጭ ትናገራለች። አንዷ ነርስ ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም። ሌላዋ “የኔ እናት” እያለች ላቧን ትጠርግላት ነበር። ልክ ነበርክ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ልክ አልነበርኩም። ሆስፒታል የደረስነው በስሕተት መንገድ ነው።

ዛሬ ሰሚራ ልትጠይቃት መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ቃላት አዘጋጅቼ ነበር፤ ቀደመችኝ። ማዕከሉ ውስጥ ከዚህ በኋላ ቀኑን ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፤ ትዕዛዝ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። “ቲቸርም ቢሆኑ ይቆጠርባቸዋል” አለች። ሩት ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እያመማት ሳቀች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ዛሬ ነው።

ሠላሳ ሰባት ዓመት መንገዱን ጻፉ እያልኩ አስተማርኩ። የኔንም መንገድ ጠይቁ ብያቸው አላውቅም።

ወይዘሮ ዘነበች የክርስትናውን ነገር አነሡ። ሰማንያው መቼ ይውላል? እንደ ልማዳቸው ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የተወለደችበት ቀን ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ብቻ አንድ ሰዓት ያከራክራል። አፌን ከፈትኩ። ሩት ሕፃኗን አንሥታ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝና ከሰሚራ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

“ከግንቦት እንጀምር” አለቻት።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቆጠሩ። የት እንደደረሱ አልሰማሁም። እኔ የሕፃኗን አንገት ደግፌ መያዝ ነበረብኝ።