የበረዶው ተራራ መህር

ቡታጅራ
ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጆቼ አክስት፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? የወልቂጤ ሙቀት ያንን ራስ ምታትሽን አላስነሳብሽም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ያው ነው። ከእንሴኖ እኔ ቤት ካመጣሁት ወዲህ መስጊድ የሚሄደው በባጃጅ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹን ሁሉ “ቀስ በል፣ የጫንከው ሰው ነው እንጂ ሽንኩርት አይደለም” እያለ ሲቆጣ ስለሚውል ምላሱ ፍጹም ጤነኛ ነው። ሳቢሪን ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። ዛህራ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ “ለአክስቴ እንዳትጽፍላት” ብላኛለችና እንዳልሰማሽ ሁኚልኝ።

ማክሰኞ ዕለት በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀሽኝ ዘጋሽው። “በኔ ስም ምን ብለህ ነው ሽማግሌዎቹን የመለስካቸው?” አልሽኝ። እኔም “መስመሩ ይቆራረጣል” አልኩሽ። መስመሩ አልተቆራረጠም። የምመልስልሽ አጥቼ ነው። እንደኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ብዙ ይሰርዛል፤ ስርዙን እለፊልኝና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ጥቅምት ላይ ከወልቂጤ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ፣ ለብሎኬት የሚሆነውን ቀይ ጠጠር የማወጣበት ኮረብታ ላይ የመጣችሁ ዕለት ነው የጀመረው። አብሮሽ የሚያስተምረው አብዱልሃፊዝ ገና እንዳየኝ “ፋዘር፣ ትንሽ ቦታ ይልቀቁልን” አለኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። አንቺ ፈገግ አልሽ። ፈገግታ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ፤ ልቤ ግን እስከ ዛሬ ሳቅ አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

ለተማሪዎቹ ኮረብታው የእሳተ ገሞራ ሥራ እንደሆነ ነገራቸው። ቀዩ ጠጠር ቀልጦ ወደ ላይ ተረጭቶ፣ አየር ላይ እየቀዘቀዘ የወረደ ነው አለ። ይህንንማ እኔም ሰምቻለሁ ብዬ አካፋዬን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ “እሳት የሌለው እሳተ ገሞራም አለ” አለ። ከማርስና ከጁፒተር መካከል ሴሬስ የምትባል ድንክ ፕላኔት እንዳለች፣ ሰው የሌለበት መንኮራኩር ዙሪያዋን እየዞረ ፎቶ እንደሚያነሳት፣ ፊቷ ላይ ብቻውን የቆመ አንድ ትልቅ ተራራ እንደተገኘ ተናገረ። አሁና ብለውታል አለ፤ ሕንድ አገር ያሉ ሰዎች መኸር ሲያስገቡ የሚያከብሩት በዓል ስም ነው። የኛ ዘቢዳር ተራራ ከቡታጅራ ሆነን ስናየው ከሚቆመው ቁመት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ያንን ያህል ተራራ ያቆመው ደግሞ የቀለጠ አለት ሳይሆን ጨው ያለበት ውሃና ጭቃ ሳይሆን አይቀርም አለ። ከሆዷ ተገፍቶ ይወጣል፣ ብርዱ ያደርቀዋል፣ ሌላው ደግሞ ከሥር ይገፋል።

“ሳይሆን አይቀርም” የምትለዋን ቃል ያዝኩበት። እርግጠኛ አይደለም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንቺ ግን የሚንጫጩትን ልጆች “ዝም በሉ፣ ልስማበት!” ብለሽ ተቆጣሽ። ሦስት ዓመት እቤቴ ስትቀመጪ ስለዚያ ኮረብታ አንድ ቀን “ልስማበት” ብለሽኝ አታውቂም። እውነት ለመናገር እኔም ብዙ አውርቼልሽ አላውቅም። ማታ ስገባ ልብሴን አራግፌ፣ “ልጆቹ በሉ?” ብዬ፣ ሶላቴን ሰግጄ እተኛለሁ። ይህ ንግግር ከተባለ ንግግሬ ይኸው ነው።

ከድጄ ወደ አኼራ ስትሄድ ሥራሽን ወደዚህ አዛውረሽ ልጆቿን አቅፈሽ የተቀመጥሽ አንቺ ነሽ። የሰፈሩ ሴቶች “እህቷን ትተካለች፤ ሚስቱ ከሞተች ሸሪዓውም አይከለክለውም” ሲሉ በጆሮዬ እሰማ ነበር። አልመለስኩላቸውም። ዝምታዬ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጨዋነት አልነበረም። ከዚያ ወልቂጤ ቦታ አገኘሁ ብለሽ ስትሄጂ ሻንጣሽን ተሸክሜ መናኸሪያ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ፤ በዚያን ቀንም የተናገርኩት “ሾፌሩ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ንገሪው” የሚል ብቻ ነው።

የካቲት ላይ አባትሽን ልትጠይቂ ስትመጪ ያንን ሰው አስከትለሽ መጣሽ። ከጁስ ቤት በረዶ ገዝቶ ነበር። ሁለት ኩባያ ላይ ከፈለውና አንደኛው ላይ ከጓዳዬ ጨው አስመጥቶ ነሰነሰበት። ጨው የገባበት ቀድሞ ውሃ ሆነ። “አየሽ ሳቢሪን፣ ጨው ውሃን በብርድ ውስጥ እንኳ ቶሎ እንዳይረጋ ያደርገዋል። የሴሬስም ሆድ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ተራራ ሊወጣ የቻለው ለዚህ ነው” አላት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወጥ ላይ ጨው በጨመርኩ ቁጥር “አባ፣ አብዱልሃፊዝ እንዳለው እኮ…” ትለኛለች። በገዛ ቤቴ ጨዌን ተቀማሁ።

የተራራውንም ፎቶ በላፕቶፑ አሳያችሁ። ጎኑ ላይ ከራሱ እስከ እግሩ የወረዱ ነጣ ነጣ ያሉ መስመሮች ነበሩት። እኔ ከበሩ ጋ ሆኜ ነው ያየሁት። ብጠጋ ይደንቀኛል ብዬ ፈራሁ።

ምሳ ሲቀርብ ለእጁ ውሃ አፈሰስሽለት። እስኪጠርግም ፎጣውን ይዘሽ ጠበቅሽው። ለኔ ፎጣው ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። ይህችን የመሰለች ትንሽ ነገር ሰው እንዴት በልቡ ይዞ ይከርማል ትይኝ ይሆናል። ይከርማል።

ቅናት ያቃጥላል ሲሉ ነው ስሰማ የኖርኩት። የኔ አላቃጠለኝም። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጨው ጨው የሚል፣ ቀስ ብሎ ከሥር የሚገፋ። ስሰግድ አለ፤ ብሎኬት ስቆጥር አለ። እሳት ስላልሆነ ቅናት ነው ብዬ አላመንኩም።

መጋቢት ላይ ሐጂ ሸረፋ ሁለት ሰዎች አስከትለው በአብዱልሃፊዝ ስም ሊጠይቁሽ መጡ። አባትሽ ወደኔ ዞሮ “ልጄን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ የከረመችው ግን አንተ ቤት ነው። ጉልበትም ምላስም የለኝም፣ ወኪሌ ሆነህ ተነጋገር” አለኝ። ምላስስ ነበረው። የመጀመሪያውን ጊዜ እንደ ወጉ “እንመካከርበት” ብዬ ሸኘኋቸው። ሚያዝያ ላይ ተመለሱ። “ልጅቷ መፍቀዷን ሰምተናል፤ እንግዲህ የምትሻውን መህር ንገረንና ከረመዳን በፊት ኒካሁን እንሰር” አሉኝ።

መፍቀድሽን ከነሱ አፍ ስሰማ ነው መሰለኝ ያ ነገር ፈንቅሎ የወጣው። “መህሯ ከአሁና ተራራ የመጣ፣ በረዶው ያልቀለጠ ድንጋይ ነው። የምትፈልገው ይህንን ነው” አልኳቸው።

ሐጂ ሸረፋ ትንሽ አሰቡና “አሁና የት ወረዳ ነው? ጉመር ነው?” አሉ። አንደኛው ሽማግሌ “ከአረቅጥ በላይ ከሆነማ ምን ቸገረን፣ አይሱዙ ይዘን በማለዳ ነው መውጣት” አሉ። ከማርስ ወዲያ ነው አልኳቸው። ሦስተኛው “መንገዱ መኪና ያስገባል?” ብለው ሲጠይቁ አባትሽ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ሲስቅ ነው ወይስ ሲያፍር አላወቅሁም። ያን ጊዜ ሐጂ ገባቸው። ብድግ ብለው ጫማቸውን እያጠለቁ “ልጄ፣ እምቢ ማለት ወግ ነው። ማላገጥ ግን ወግ አይደለም” አሉኝና ወጡ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ኮረብታው ላይ ደረሰ። የብሎኬት ማሽኑን የሚያሠራው ከማሉ “ጌታው፣ የሰማዩ ጥሎሽ ሲመጣ እንዳይቀልጥ ፍሪጅ እንከራይ እንዴ?” አለኝ። ጠጠር የሚጭኑት ሾፌሮችም “አይሱዙው ከሴሬስ ገባ ወይ?” እያሉ ክላክስ ያደርጉልኛል። አብሬያቸው ሳቅሁ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አብዱልሃፊዝ ብቻውን መጣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ አካፋዬን ጠበቅ አደረግሁ። ያልደረቀ ብሎኬት ላይ ሊቀመጥ ሲል ከማሉ ጮኸበትና መሬት ላይ ቁጭ አለ። “ጋሼ” አለኝ፤ ፋዘር ቀርታለች። “ከሷ አፍ የወጣ ስለሆነ እንደ ቀልድ አላየሁትም፤ ብዙ አሰብኩበት” አለኝ። መንኮራኩሩ ራሱ ድንጋይ አያመጣም፤ ወደ ምድርም አይመለስም፤ ሴሬስን እየዞረ እዚያው ይቀራል። በኛ ዘመን ማንም የማያመጣውን አመጣለሁ ብሎ ሊዋሽሽ አይችልም። “ከፈለገችኝ የምችለውን ትጠይቀኝ። ካልፈለገችኝም ገብቶኛል፤ እንዲህ ባማረ መንገድ ስለነገረችኝ አመስግኑልኝ” አለኝ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ያን ጊዜ “እሷ አላለችም” ማለት ይበቃ ነበር። አላልኩም።

ይልቅ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? “ሌሎቹስ ተራሮች? ለምን ያ አንዱ ብቻ ሆነ?” ብዬ ጠየቅሁት። በዚያ ኀዘኑ ላይ ፊቱ በራ፤ ማስተማር ሥራው ብቻ እንዳልሆነ ያኔ አየሁ። ሌሎችም ሳይኖሩ አይቀሩም አለኝ። ግን በረዶ ያለበት ተራራ እንደ አለት አይጸናም፤ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ራሱ ይወርዳል፣ ጎኑ ይሰፋል፣ በመቶ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ከሜዳው ጋር ይተኛል። አሁና ቀጥ ብሎ የሚታየው ገና ወጣት ስለሆነ ነው። እሱስ መቼ ይተኛል ብዬ ስጠይቀው “እኔም እርስዎም አናየውም” ብሎ ሳቀ። እጄን ጨብጦኝ ቁልቁለቱን ወረደ። መናኸሪያ ድረስ በእግሩ ነው የሄደው።

ከሁሉ የከፋኝ መጥፎ ሰው አለመሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን የኔን ነገር ጥበቃ ብዬ እጠራው ነበር። ለልጆቼ አክስት ተጠንቅቄ ነው እል ነበር። የምጠራበትን ስም አሳጣኝ። እኔ ውስጥ የቆመው ነገርም በራሱ ክብደት እስኪተኛ ልጠብቅ ብል፣ አላህ የዚያን ያህል ዕድሜ አልሰጠኝም።

አንቺ ማክሰኞ ደወልሽ። ረቡዕ ከዙህር ሶላት በኋላ ኢማሙን “ወኪል መህር መቁረጥ ይችላል?” ብዬ ጠየቅኋቸው። መህር የሙሽራይቱ ሐቅ ነው፣ የአባትም የወንድምም አይደለም አሉኝ። “ጠይቀሃታል?” አሉኝ። አልጠየቅኋትም አልኩ። “ታዲያ የማንን ፍላጎት ነው የተናገርከው?” አሉኝ። ጫማዬን ፈለግሁ።

ቤት ስገባ አባትሽ “የሷንስ ሰማን፤ አንተስ ምን ትፈልጋለህ?” አለኝ። “ዝናቡ ሳይከብድ ብሎኬቱ እንዲደርቅልኝ” አልኩት። ብዙ አየኝና “አላህ ያድርቅልህ” አለኝ።

ትናንት ሐጂ ሸረፋ ቤት ሄጄ፣ ሦስቱም ባሉበት፣ ቃሉ የኔ እንጂ የሷ አይደለም፤ እሷ ምንም አላለችም አልኩ። ሐጂ “ጆሮዬ ደክሟል፣ ድገመው” አሉ። ጆሯቸው ደህና ነው። ደገምኩት። እዚያው ለአብዱልሃፊዝ ደወሉለትና ስልኩን ለኔ ሰጡኝ፤ ለሱም ነገርኩት። “ታዲያ እሷ እምቢ አላለችም?” አለኝ። አላለችም አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ ስልኩን ለሐጂ መለስኩላቸው።

የፊታችን እሁድ ሳምንት ይመጣሉ። መህርሽን ጻፊልኝ። ወርቅም ይሁን፣ መጽሐፍም ይሁን፣ የፈለግሽውን። ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርስልሻለሁ። ደብዳቤውን በአረቅጥ በኩል ለሚመላለሰው ሚኒባስ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ መልሱንም በሱው እጅ ላኪልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባትሽ ኒካሁም ላይ ወኪሌ አንተ ነህ ብሎ ጸንቷል። የሙሽራውን እጅ ይዤ፣ ስምሽን ጠርቼ “ድሬሃለሁ” ማለት አለብኝ። በሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ፣ ሠራተኛ ሳይገባ ኮረብታው ላይ ሆኜ እለማመዳለሁ። ትናንት ስምሽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ዛሬ ከፈጅር ሶላት በኋላ እስከ መጨረሻው አልኩት።

አላህ ትዳርሽን ይባርክልሽ፤ የምትወልጂያቸውን ዓይን የሚሞሉ ያድርጋቸው። ለከድጄ ዱዓ አትርሺ። ረመዳንን በሰላም ያድርሰን።

ወንድምሽ