በግድግዳው ውስጥ ያለፈው ሽቦ

ጅዳ፣ ጥቅምት 1994

ውድ ሀሺም፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ባቲ ላይ ይህን ለሚያነብልህም ሰው። የአማርኛ ፊደል እንደማትለይ አውቃለሁና ቃሌን የምትሰማው በሌላ ሰው አፍ ነው። የሚያነበው ሰው አንድም መስመር እንዳይዘል በአላህ እለምነዋለሁ። የሚያሳፍረኝ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ እንዳያደርግልኝ።

የአጎቴን የአብዱረሺድን ሱቅ አስታውስ። መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር፣ ከፊት የወንዶቹ ሱቅ፣ ከኋላ በቤቱ በር የሚገባበት የሴቶቹ ክፍል። አንተ ከፊት ተቀምጠህ በዐረብኛ ማመልከቻ ትጽፋለህ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ትጠግናለህ። እኔ ከኋላ ሆኜ በየሰው ቤት የሚሠሩት የአገራችን ሴቶች የሚነግሩኝን በአማርኛ እየተየብኩ ደብዳቤ አደርግላቸዋለሁ። በእጅ ከተጻፈ ይልቅ የታተመውን ይወዱ ነበር። የመንግሥት ወረቀት ስለሚመስል አባቶቻችን አክብረው ያስቀምጡታል ይሉኝ ነበር።

ፕሪንተሩ አንተ ጋ፣ ደብዳቤው እኔ ጋ። እኔ ወደ ፊት አልወጣ፣ አንተ ወደ ኋላ አትገባ። በአጎቴ ሚስት እጅ ፍሎፒ ስንላላክ ከረምን፤ ፍሎፒው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል። ከዚያ አንተ ከጅዳው የአል-ባላድ ገበያ አሮጌ ዕቃና አንድ ጥቅል ጥቁር ሽቦ ይዘህ መጣህ። ግድግዳውን በስተህ ሁለቱን ኮምፒውተሮች አገናኘሃቸው። የኔ ደብዳቤዎች ያሉበትን ፎልደርም ለሁለታችን ከፈትከው።

ሳምንት ሳይሞላ ከደብዳቤዎቹ መሐል እኔ ያልጻፍኩት ፋይል አገኘሁ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር፦ «ሳልሽ በግድግዳው ይሰማል። ማር ጠጪበት።» ብቻዬን ሳቅኩ። መልስ ጻፍኩልህ፣ አንተም አነበብከውና አጠፋኸው። እንዲህ ሆነን ሰባት ወር ቆየን። ፊትህን ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ምን እንደሚያስቅህ፣ ለእናትህ ምን እንደምትሰጋ፣ መካ ተወልደህ የሰው አገር ሰው መባልህ እንዴት እንደሚያምህ አውቅ ነበር። ልብህን አውቀዋለሁ እል ነበር።

ከዚያ ሳሊማ መጣች። የባቲዋ ሳሊማ፣ ጅዳ ላይ ከገባችበት ቤት እረፍት አጥታ የጠፋችው። ለአባቷ ደብዳቤ አስጻፈችኝ፤ ሩሰይፋ ውስጥ የተጠጋችበትን ቤትም አድራሻ አስገባችበት። በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ቀጥ ብለው ያንኑ በር አንኳኩ። ማንንም አልጠየቁም። ወስደው በስሙ ላስመጣት አሠሪዋ፣ ለከፊሏ አስረከቧት፣ እሱም ወደ አገር እስክትጠረዝ ወደምትታሰርበት ተርሒል ላካት።

ያን አድራሻ ከሷ በቀር የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከኔ ሌላ ደግሞ ያ ፎልደር። ፎልደሩን የሚከፍተው ማን ነው? አንተ።

ሐሳቡ መጀመሪያ ሲመጣብኝ አውዙ ቢላህ ብዬ ገፋሁት። በማግሥቱ ግን «ሳሊማ ልብስ አላት?» ብለህ ጻፍክልኝ። መያዟን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ከዚያ ወዲያ የምታደርገው ሁሉ ሌላ ትርጉም ይሰጠኝ ጀመር። ከዙህር ሰላት በኋላ ሱቁ ሲዘጋ የቁልፍህ ድምፅ ሲሰማኝ፣ ሰው በሌለበት ምን ይሠራል እላለሁ። ደብዳቤዎቹን ወደ ፍሎፒ ስትገለብጥ፣ ለማን ሊወስድ ነው እላለሁ። የኔ ኮምፒውተር አርጅቷልና ድንገት ቢሞት ደብዳቤው እንዳይጠፋ ነው ብለህ አስቀድመህ ነግረኸኝ ነበር። እሱንም ተንኮል አደረግኩት። የአማርኛ ፊደል አላነብም ማለትህን እንኳ፣ እንዳልጠረጥርህ ያሰብክበት ውሸት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው አንዴ ከጠረጠረ፣ ነጻ የሚያወጣውንም ማስረጃ መክሰሻ ያደርገዋል።

እናም ወጥመድ አጠመድኩልህ። ራሕመት የምትባል ሴት ከራሴ ፈጠርኩ። ከጅዳ ጠፍቼ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ገብቻለሁ የሚል ደብዳቤ በስሟ ጻፍኩ፤ አድራሻው የአጎቴ ሚስት እህት የምትኖርበት ፎቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ አላተምኩትም። ፎልደሩ ውስጥ ብቻ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች እዚያ ፎቅ ወጥተው ራሕመት የምትባል ሐበሻ የት ናት ብለው ጠየቁ።

ለአጎቴ ነገርኩት። ያን ዕለት ከዐስር ሰላት በኋላ በመጋረጃው ወዲያና ወዲህ የሆነውን አንተም ታስታውሳለህ፤ ግን የሚያነብልህ ሰው ይወቀው። አንተ ወላሂ ብለህ ማልክ። ከዚያ እኔን በስሜ ጠራኸኝ።

«ዘሊካ፣ ደብዳቤውን ስነካ በዓይንሽ አይተሻል?»

«ሌላ ማን አለ?» አልኩህ።

  አጎቴ ኸላስ፣ አበቃ አለ፤ ከሥራም፣ በስሙ ከያዘልህ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከኢቃማውም አወጣህ። ወር ሳይሞላ መንገድ ላይ ወረቀት ጠየቁህ፣ ወረቀቱም አልነበረህም። አይተኸው ወደማታውቀው አገር በአውሮፕላን ሰደዱህ። እኔ ግን ሴቶቹን ከክፉ አዳንኩ ብዬ ደልቶኝ ነበር። ይህንንም የሚያነብልህ ሰው ይስማ።

አንተ ከሄድክ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የከሚሴ ልጅ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። በአምስተኛው ቀን ተያዘች።

 ያን ሳምንት ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። የአጎቴን እጅ ኪቦርድ ላይ ሳየው እጠራጠራለሁ፣ ሚስቱ ስልክ ስታነሳ ጆሮዬን እጥላለሁ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የጎረቤታችንን የሙኒራን ሳህን ልመልስ ሄድኩ። ሙኒራ የወሎ ልጅ ናት፣ ባሏ ከሱቃችን አጠገብ የሠራተኛ አስመጪ ቢሮ ያለው። ሌላ ክፍል ሰላት ላይ ነበረች። ኮምፒውተሩ በርቷል። ስክሪኑ ላይ የኔ ፎልደር ተከፍቷል። ለየደብዳቤው ስም የማወጣው እኔ ስለሆንኩ ዝርዝሩን እንደ ልጄ ነው የማውቀው። ሳሊማ፣ ራሕመት፣ ከሥር የከሚሴዋ ልጅ።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት አንተ ዕቃ ልትገዛ ጅዳ ሦስት ቀን በቆየህ ጊዜ፣ ሙኒራ የባሌ ፕሪንተር ተበላሽቷል፣ ሽቦ አስገቢልኝና በናንተ ላትም ብላ መጣች። ማንም ሰው ሽቦውን እንዳይነካ ብለህ ነበር። እኔ ግን አንተ ስትሠራ ያስረዳኸኝ ስለነበር መቻሌን ላሳያት ፈለግኩ። ከሽቦው ጫፍ ያለችውን ትንሽ የብረት ክዳን ነቀልኩ፣ የሷን ሽቦ ቀጠልኩበት፣ ክዳኗን እሷ ጋ ባለው ጫፍ መልሼ ገጠምኩ። ሠራ። ግንባሬን ሳመችኝ። ሽቦውን ከቁምሳጥኑ ኋላ ደበቅኩት፣ እንዳትቆጣኝም ሳልነግርህ ቀረሁ። በፎልደሩ ላይ አድርገኸው የነበረውን የይለፍ ቃል አስቸገረኝ ብዬ ያስነሳሁህ እኔ ነኝ። ለእናቷ ልትጽፍ መስሎኝ ኮምፒውተሯ አማርኛ የሚያሳይበትን ፊደል በፍሎፒ ገልብጬ የሰጠኋትም እኔው ነኝ። ሽቦውም፣ ክፍቱ በርም፣ ፊደሉም ከእጄ ወጡ። ጥርጣሬዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ ራሴ አልዞረም።

ሙኒራ ሰላቷን ጨርሳ መጣች። ስክሪኑን እያየሁ አገኘችኝ። አልደነገጠችም።

«እኔ አንብቤ ለባሌ ብቻ ነው የምነግረው። የጠፋች ሴት ብትመለስ ለሁሉም ይሻላል» አለችኝ።

ሮጬ መጥቼ ሽቦውን በመቀስ ቆረጥኩት። ለአጎቴ ስነግረው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ ዝም በይ አለኝ፤ የሙኒራ ባል ብዙ ሰው ያውቃል፣ የኛን ኢቃማ ሊያስቆርጥ ይችላል አለ። ስምህን እኛው አጥፍተን እኛው ዝም ልንል ነበር። አልቻልኩም። በጁምዓ ነካሳ ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት ቤት ሄጄ፣ ሀሺም ንጹሕ ነው፣ ደብዳቤያችሁ የሚወጣው በኔ ሽቦ ነው ብዬ ተናገርኩ። አንዷ ልጇ ፊት ተፋችብኝ። ሌሎቹ ቀስ ብለው ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። አጎቴም ሰፈሩ እስኪረጋጋ ብሎ ጅዳ ሰው ቤት ሥራ አስገባኝ። አሁን ያለሁት እዚያ ነው፤ ፎቅ እጠርጋለሁ፣ ልጅ አጥባለሁ። ማዳሜ ወረቀቴን አገላብጣ ታያለች። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል የሆነ ነገር እንደማሴርባት ሳታስብ አትቀርም። አልፈርድባትም።

ከመካ ሳልወጣ እናትህን እትዬ ሰዓዲያን አይቻቸው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳሊማ በተያዘች ማግሥት ወሬው ነካሳ እንደደረሰ፣ አንተም ልብስ ይዘህ ተርሒሉ በር ድረስ እንደሄድክላት ከሳቸው ነው የሰማሁት። ልብስ አላት ወይ ያልከኝ ለዚያ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። እሳቸው አነሱኝና እንዲህ አሉኝ፦

«እኔን አትለምኚኝ፣ ልጄ። ሀሺምን የሳሊማ ዘመዶች ባቲ ላይ ሴት የሚሸጥ እያሉ ቤት ነስተውታል። ያስጠጋው አጎቱም በሩን ሊዘጋበት ነው። እንባሽን ትተሽ እዚያ የሚደርስ ነገር አድርጊ።»

ስለዚህ አውፍ በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም። ይቅር ማለት ከፈለግክ ጊዜው ያንተ ነው፤ ካልፈለግክም ሐቅህ ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ወረቀት አታጥፈው፣ አትደብቀው። መጀመሪያ ለአጎትህ አስነብበው። ቀጥሎ ወደ ሳሊማ አባት ቤት ይዘኸው ሂድ፤ ሽማግሌ ባለበት ይነበብ። ሳሊማም ትስማ። ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ፣ ወንድሜ ደሴ ነው፤ መጥቶ ስለ እጄ ጽሑፍ እንዲመሰክር ነግሬዋለሁ።

ከመካ የተባረረ ሰው ያለ ምክንያት አልተባረረም ይሉሃል። ምክንያቱ እኔ ነኝ። በሙሉ ስሜ ፈርሜበታለሁ፤ ስምህ የተነሳበት ቦታ ሁሉ ይህንን አንሱ።

ዘሊካ ሰይድ እንድሪስ ይማም
የደሴ፣ የሮቢት ሰፈር ልጅ