ቀጭኗ ገመድና አሮጌው ፓስወርድ

ሐምሌ 5፣ ሰኞ

ዝናብ። እንደ ወትሮው ካዛንቺስ፣ ቢሮ፣ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። መዝገቡ ላይ ፈረምኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ የእንግዳ መቀበያዋን ኮምፒውተር አስነሳሁ። አንድ ክረምት መብረቅ አቃጥሏት ስለነበር ማታ ገመዶቿን ሁሉ የምነቅለው እኔ፣ ጠዋት የምሰካውም እኔ። መጀመሪያ ወፍራሙን የመብራት። ከዚያ ፓስወርድ። ስትከፈት ደግሞ ቀጭኗን የኔትወርክ። ሥራ አስኪያጁ ታዲዎስ ተከፍታ ካላገኛት ሲነጫነጭ ይውላል።

ፓስወርዱን ፊደሉን አላውቀውም፣ ቦታውን ነው የማውቀው። ስምንት ጊዜ መምታት ነው፣ ጣቴ ለምዶታል። ሚስቴ የሺሃረግ ይህን ስትጽፍ ሳቀች። እሷ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተማረች፣ እኔ እምቢ አልኩ። ከልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሀ ሁ ልል? ይህንንም ጻፊው አልኳት።

ሐምሌ 6፣ ማክሰኞ

ኤርሚ የሚባለው ሠራተኛ ከተባረረ ወዲህ ታዲዎስ እንቅልፍ የለውም። ፓስወርዱን ያውቃል፣ ገብቶ ፋይል ያወጣል እያለ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ መድኃኒት ዛሬ ሁሉንም ቀየረች። ለእኔም ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ።

"ጋሽ ገብረጻድቃን፣ ከነገ ጀምሮ ይሄ ነው። ካዩት በኋላ ይቅደዱት።"

አየሁት አልኩ። ምን አየሁ? የፈረንጅ ፊደል ነው፣ የሺሃረግም አታነበውም። በጣትሽ አሳዪኝ ማለት ምን ይከብድ ነበር... ግን ስቀጠር ስድስተኛ ክፍል ነኝ ብያለሁ።

ሐምሌ 7፣ ረቡዕ

በአሮጌው መታሁ። ተከፈተች። ተመስገን።

ሐምሌ 9፣ ዓርብ

ታዲዎስ በማለዳ መጣ። ወፍራሙን ገመድ ሰክቼ ቀጭኗን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። እስቲ ዞር ይበሉ አለና ራሱ ተቀመጠ። መቀየሩን ሊያረጋግጥ አሮጌውን መታ። ተከፈተች። ፊቱ ጠቆረ። እኔ ቀጭኗን ሰክቼ ውልቅ።

መድኃኒት ስትገባ ጮኸባት። የኤርሚ ጓደኛ ነሽ፣ ሆን ብለሽ በር ተውሽለት አላት። እሷ ኮምፒውተሯን አስነስታ አሮጌውን ብትሞክር እምቢ። አምስት ጊዜ ሞከረች፣ እምቢ። ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ ይላታል። ከዚያ በራሷ ስም ገብታ ስትፈትሽ ዋለች። ምንም የለም። እስከ ሰኞ ምክንያቱን ካላገኘሽ ቁልፍ አስረክቢ አላት።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። እኔን ስታይ ግን ፈገግ ብላ ደህና ይደሩ አለችኝ። ምናለ ባትለኝ...

ሐምሌ 10፣ ቅዳሜ

ማንም ሳይመጣ ሞከርኩ። ቀጭኗን አስቀድሜ ሰካሁ፣ አሮጌውን መታሁ... እምቢ። አጠፋኋት፣ ቀጭኗን ነቀልኩ፣ መታሁ... ተከፈተች። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ነገሩ ገመዷ ናት። የተማሩት ያልደረሱበትን እኔ ደረስኩበት።

ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? ብናገር፣ እርስዎ አዲሱን ለምን አልመቱም ይሉኛላ። መድኃኒት ደጅ ላይ ቆማ በስልክ ለእናቷ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ ስትል ሰማሁ። የሰው ልጅ እንጀራ ሲቆረጥ እያየሁ ዝም።

ሐምሌ 11፣ እሁድ

ኡራኤል ሄድኩ። ቅጥሩን አልፌ መግባት አቃተኝ፣ ከውጭ ተሳልሜ ተመለስኩ። የሺሃረግ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና፣ እኔን ከምታስጽፈኝ ለልጅቷ አትነግራትም? አለችኝ።

ሐምሌ 12፣ ሰኞ

መድኃኒት ቁልፏን የታዲዎስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ገባሁ። አላንኳኳሁም።

"ቁልፍሽን አንሺ። በአሮጌው የምከፍታት እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም።"

"ስድስተኛ ክፍል ነኝ ብለውኝ አልነበር?" አለ ታዲዎስ።

"ዋሽቻለሁ።"

ጆሮዬ ጋለ። በሰባ ዓመቴ... ወርደው እንዲያዩ አደረግሁ፣ ገመዷን ነቅዬም ሰክቼም። መድኃኒት ግንባሯን ያዘች። ቀጭኗ ስትነቀል ማሽኗ ዋናውን ኮምፒውተር የምትጠይቅበት መንገድ የላትም፣ መጨረሻ የተከፈተችበትን ፓስወርድ ታስታውሳለች አለች። እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ ስለምከፍታት አዲሱን በእንግዳ መቀበያዋ ስም ማንም መትቶባት አያውቅም። ወዲያው ገመዷን ሰክታ አዲሱን መታች። አለቀ። ይህችው ናት ነገሯ።

ታዲዎስ ይቅርታ ያላት ከከንፈሩ ነው። እኔን ከእንግዲህ ኮምፒውተሯን እንዳይነኩ አለኝ። ይሁን።

ደረጃው ላይ መድኃኒት ቆም አለች። "ዓርብ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ..." አልጨረሰችውም። ታዲዎስ ከጮኸው ሁሉ ያ ባሰብኝ።

ሐምሌ 19፣ ሰኞ

ለአሥራ አንድ ዓመት መዝገቡ ላይ የምፈርመው ፊርማ አልነበረም። ዝም ብዬ ማጠማዘዝ ነበር። ዛሬ የማኅተም ቀለሙን አስመጥቼ በአውራ ጣቴ አተምኩ። መድኃኒት እየገባች ነበር። ገጹ እንዳይታጠፍ ያዘችልኝ።

ቀለሙ በሳሙናም አልለቀቀም። ታክሲ ውስጥ ለረዳቱ ሂሳብ የዘረጋሁት በዚያው እጄ ነው። ሰው አየው። መልሼ ኪሴ አልከተትኩትም።