እርጥብ አስፋልት

ውድ ወንድሜ ቱምቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጎረቤታችንን የጋሼ ሰዓት ሠሪውን ወሬ ልንገርህ፤ አለዚያ እሳቸውን ፍለጋ ደብዳቤዬን እየዘለልክ እንደምታነበው አውቃለሁ። ደህና ናቸው። ኩላሊታቸው ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄደው እጥበት ይደረግላቸዋል። "እኔና አንቺ የአንድ ሙያ ሰዎች ሆንን፤ አንቺ አንሶላ ታጥቢያለሽ፣ እኔ ደሜን አሳጥባለሁ" ይሉኛል። ልጃቸው መንታ ወለደች። አንደኛው ቁርጥ አያቱን ነው፣ ተኝቶ እንኳ ግንባሩን ይቋጥራል።

አውቶቡስ ላይ መውጣት ካቃታቸው ቆይቷል። ልጃቸው ናት ከፊቱ ወንበር ባለው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አስቀምጣ፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋባቸው፣ አንተ ባሰመርከው የብስክሌት መንገድ የምትወስዳቸው። ከመስኮቴ ሳያቸው መሬት የነኩ አይመስሉኝም፤ ነጩን መስመር ይዘው በጉም ውስጥ ፈሰስ ይላሉ፣ ድምፅ የለ፣ ምን የለ።

ያንን መንገድ ሊያጠፉት ነበር እኮ!

ዳቦ ቤቱ ጎን ያለው ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የብስክሌት መስመር ከዋና መንገድ ይነሳል፣ ብስክሌት ነጂ ሁሉ በውስጥ ለውስጥ ይሂድ ይላል። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ሠላሳ ሁለት ደረጃ እንዳለው ማኅተሙን የመታው ሰውዬ አላየም መሰለኝ። ሰፈሩ ደግሞ አፍ አለው፣ ዝም አላለም። አቤቱታውን የዳቦ ቤቷ ባለቤት ጻፈች፤ ብስክሌት በሕልሙም ነድቶ የማያውቀው የጥርስ ሐኪም ሳይቀር ፈረመ። ማዘጋጃ ቤቱ "በስድስት ሳምንት ውስጥ ተሰብስበን እናያለን" አለን። መስመሩን በጥቁር ቀለም የሚያለብሱትን ሠራተኞች ግን በሳምንቱ ላካቸው።

ይሄኔ አንተ ትዝ አልከኝ። መስመሩን ያሰመርክ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር እያወጣ፣ እርጥቡን ቀለም ሰው እንዳይረግጥብህ ዳር ዳሩን ተቀምጦ ሲጠብቅልህ አስታወስክ? ከዚያ በፊት ግን አንተ ብሩሽህን ይዘህ ጤዛው እስኪደርቅ ቁጭ ብለህ ነበር። "ምን አገደህ?" ብልህ፣ "እርጥብ አስፋልት ቀለም አይቀበልም፣ ተልጦ ይነሳል" አልከኝ። እኔም በሰው ፊት ሳቅኩና፣ "ዕድሜህን ሙሉ ሌላው የሚረግጠውን ስታሰምር ልትኖር ነው?" አልኩህ። ሰዉ ሳቀ። አንተ አልሳቅክም። በወሩ ወደዚያ ወደ ሩቁ አውራ ጎዳና ሥራ ሄድክ፤ ይኸው ሦስት ዓመት፣ ስንደዋወል የምናወራው ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ነው። አንድም ቀን ይቅርታ አላልኩህም። አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል።

እና ምን አደረግን መሰለህ? ጎህ ሲቀድ ከማጠቢያ ቤቴ አንሶላ ያለቀለቅንበትን ውሃ በባልዲ እያወጣን መስመሩ ላይ ደፋነው! እኔ እደፋለሁ፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በሽቦ መጥረጊያ ትገፋዋለች። ሁለት ሰዓት ላይ የድሮው አለቃህ፣ ባለ ኮፍያው፣ ከነመኪናው ደረሰ። ጎንበስ ብሎ አስፋልቱን በጣቱ ነካ። ሰማዩን አየ፣ አንድ ደመና የለም። ባልዲዬን አየ።

"አይ የዘንድሮ ጤዛ! እዚህ ሰፈር ብቻ ነው እንዴ የሚወርደው?"

"ሰፈራችን የተባረከ ነው፣ ጌታዬ" አልኩት።

"ሳሙና ሳሙና የሚል ጤዛ!" አለና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። "በሉ ጫኑ። መዝገቡ ላይ 'መንገዱ እርጥብ ነው' ብዬ እጽፋለሁ፤ ውሸት አልጻፍኩም።" መንገድ ዘግቶ እንዲሠራ የሚፈቀድለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነውና፣ እስኪደርቅ ሰዓቱ ያልፍበታል።

ስብሰባው እስኪደርስ አምስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ወደ ሥራ የሚሄዱት ብስክሌተኞች እግራቸውን ሰቀል አድርገው በውሃው ላይ ሲያልፉ ሰማዩ ከጎማቸው ሥር ይሰነጠቅና መልሶ ይገጥማል። አንድ ቀን በሕልሜ መስመርህ ከአስፋልቱ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ የልብስ ገመድ ሆነ። አንሶላዎቼን ሰቀልኩበት፣ ሰቀልኩበት፣ አያልቅም። ወዲያ ጫፉን የያዝከው አንተ ነበርክ። ልጠራህ ስል አፌ ውስጥ ውሃ ሞላ።

ሰኞ ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ "መስመሩ ባለበት ይቆይ" ብሎ ወሰነ። እልል አልን። ማክሰኞ ጠዋት ግን ጉዳችንን አየነው። ከበራችን እስከ ዳቦ ቤቱ መስመር የለም! ለካ መደብዘዙን ከአቧራ ቆጥረን በየጎሁ በሽቦ መጥረጊያ ስንፍቀው ኖረናል። ከጥቁር ቀለም ያዳንነውን በገዛ እጃችን ልጠን ጨረስነው። መስመር ያላየ ባለ መኪና መጥቶ እዚያው አቆመ፤ የጋሼ ልጅ አባቷን ይዛ በጭነት መኪናዎች መሃል ዞራ ሄደች። እኔ መስኮቴ ላይ ቆሜ እስኪያልፉ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወንድሜ፣ ያሰመርከውን የሚረግጠው ማን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ይቅር በለኝ። እኔም እረግጠዋለሁ፤ አልነገርኩህም እንጂ በአርባ ስድስት ዓመቴ ብስክሌት ተምሬ፣ ያጠብኩትን አንሶላ ለደንበኛ የማደርሰው በእሱ ነው። ና። አልጋህን በንጹሕ አንሶላ አንጥፌዋለሁ።

ትናንት ባለ ኮፍያው ብቅ ብሎ ነበር። "እንዳላጠፋ ታዘዝኩ እንጂ እንድቀባ አልታዘዝኩም፤ ማኅተም ጠብቅ ካሉኝ ደግሞ ዓመት መፍጀቱ ነው" አለ። ሲወጣ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና የመለኪያህን ሲባጎ በሬ ሥር "ረስቶ" ሄደ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮም መጣች፤ "የመጥረጊያውን እጀታ አቃጥዬዋለሁ በይው" አለች። አሁን ይህን ስጽፍ ደግሞ ጋሼ ከሆስፒታል ሲመለሱ ብስክሌቱን በሬ ላይ አስቁመው ነበር። ደክሟቸዋል፣ ድምፃቸው አይሰማም፣ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

"ለቱምቢ ጻፊለት" አሉኝ፤ "ወንበሬን አውጥቻለሁ።"

እህትህ፣ ባለ ባልዲዋ